በእቅድሽ ውስጥ ተማሪዎቹ የታሉ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ። በእንግሊዝኛ ተመርቄ ሥራ ሳጣ፣ እዚሁ ባሕር ዳር አባይ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የማታ ትምህርት ጀመርኩ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ11:30 እስከ 1:00 ሰዓት ነው። ኮርሱ የሦስት ወር ሲሆን ባነሬ ላይ ‹በ3 ወር እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ይናገሩ› ብዬ አስጽፌያለሁ። 22 ሰው ተመዘገበ። ጀልባ ነጂዎች፣ አስተናጋጆች፣ ባለ ባጃጆች፣ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም አሉበት። ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ ብዬ እቅድ እጽፋለሁ። ጥሩ የሰዋስው መጽሐፍ አለኝ፤ ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ በቅደም ተከተል ነው የምሄደው። አሁን አራተኛ ሳምንታችንን ጨርሰናል። የሚመጡት 9 ብቻ ናቸው። እነሱም ‹ገባችሁ?› ስላቸው ‹አዎ ቲቸር› ይላሉ፤ ተናገሩ ስላቸው ግን ወለሉን ያያሉ። ካቀድኩት ግማሹን ሳልጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። ስንፍናቸው ነው ወይስ የኔ እቅድ? ያቋረጡትንስ ደውዬ ልጥራቸው ወይስ ልተዋቸው? የባለፈውን ረቡዕ እቅድ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። መ. ነኝ።»

እህቴ መ.፣ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የእጅ ጽሑፍሽ ደስ ይላል። መስመሩንም በማስመሪያ ነው ያሰመርሽው። ሰንጠረዡን ሳይ ደግሞ የድሮው ጊዜ ትዝ አለኝ፦ ዓላማ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ሰዓት። አገራችን ውስጥ ጠመኔ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ሰንጠረዥ ዓይኑን ጨፍኖ ይሞላዋል። ብዙዎቻችንም ዓይናችንን ጨፍነን ነው የሞላነው።

እስቲ እርሳስ ያዢ። «የመምህሩ ተግባር» በሚለው ሥር ያሉትን ግሦች አስምሪባቸው። አስተዋውቃለሁ። አብራራለሁ። ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ምሳሌ እሰጣለሁ። እጠይቃለሁ። አርማለሁ። ስድስት ናቸው። አሁን ወደ «የተማሪው ተግባር» ተሻገሪ። በጥሞና ያዳምጣሉ። ማስታወሻ ይይዛሉ። ሁለት ብቻ፤ ሁለቱም አፍ አያስከፍቱም።

እነዚያ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው፣ ገንዘብ ከፍለው የመጡት ሊናገሩ ነው። አንቺ ደግሞ ዘጠና ደቂቃ ዝም እንዲሉ አቅደሽላቸዋል። ዝም ሲባሉ ቆይተው በመጨረሻ «ተናገሩ» ሲባሉ ወለሉን ባያዩ ነው የሚገርመኝ። ስንፍና ነው ወይስ እቅድ ላልሽው፣ እቅድሽ ነው። አትከፊብኝ። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ለኔም ለአንቺም የሚሠራ ነገር አይኖርም ነበር፤ እቅድ ግን በአንድ ማታ ይስተካከላል።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ የሚመች አንድ ጠባይ አለው። ግሱ ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። «አብራራለሁ» ስትዪ ማን እንደሚደክም መጨረሻው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ እቅድሽን ስትጨርሺ የግሦቹን ጭራ ብቻ እያየሽ ውረጂ። «...አለሁ» ከበዛ ያ ምሽት ያንቺ ነው። «ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ዋጋ ያስቀንሳሉ፣ ይተርካሉ፣ ይሳሳታሉ» ከበዛ የነሱ ነው። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

መቼም ለመካሪ ቀላል ነው እንዳትዪኝ፣ የራሴን ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት እኔም የማታ ክፍል ነበረኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ ጀልባ ነጂ ነበር። አንድ ቀን «ሰዓት መናገር» የሚል ትምህርት አዘጋጀሁ። ከካርቶን ትልቅ ሰዓት ሠራሁ፤ እጆቹ ይዞራሉ። ትንሿን ሦስት ላይ፣ ትልቋን አሥራ ሁለት ላይ አደርግና «ዋት ታይም ኢዝ ኢት?» እላለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኢትስ ትሪ ኦክሎክ!» ይላል። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ ያ ሰው ሁለት ፈረንጆች አገኘ። ዘጌ ሊወስዳቸው ተስማሙ። ሰዓቱን የነገራቸው እሱ ነው፤ «ቱሞሮ፣ ትሪ ኦክሎክ»። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀልባውን አጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ ቆመ። እነሱ የመጡት በኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጣናን ታውቂዋለሽ። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ወደ ዘጌ መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ወጥተው፣ ሥዕሉን አይተው እስኪመለሱ ይመሻል። ጉዞው ቀረ። ሰውየው ማታ ክፍል መጥቶ በትሕትና «ቲቸር፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ነው ያልኩት» አለኝ።

እውነቱን ነው። ካርቶኑን አሳምሬ ጀልባውን ረስቼዋለሁ። እኛ ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ በኛና በነሱ መካከል 6 ሰዓት አለ። ይህን ለዓለም ሁሉ ተብሎ የታተመ መጽሐፍ አይነግርሽም። ባሕር ዳር ላይ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ነው ሊያውቀው የሚገባ። ቀኑም እንደዚያው ነው። ጥምቀት ለኛ ጥር 11 ነው፤ እንግዳው የሚያውቀው ጃንዋሪ 19ን፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 20ን ነው። ለባሕር ዳር ጀልባ ነጂ ይህ ከ«ፓሲቭ ቮይስ» ሰዋስው በፊት ይመጣል። በብዙ ይቀድማል።

እንግዲህ እቅድ የሚጀመረው ከምዕራፍ አንድ አይደለም። ተማሪው እንግሊዝኛውን የሚፈልግበት ቦታ ላይ ሄደሽ ትቆሚና ወደ ኋላ ትቆጥሪያለሽ። ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ላይ ምን ሊል ነው? ያንን ለማለት ዓርብ ምን መቻል አለበት? ለዚያስ ረቡዕ?

ቦታውን ደግሞ ከራስሽ አትገምቺው፤ ጠይቂያቸው። በአማርኛ ጠይቂ፣ የፈተና ወረቀትም አታድርጊው። ለመጨረሻ ጊዜ እንግሊዝኛ የሰማኸው የት ነው? ከማን? ምን ልትል ፈልገህ አቃተህ? እንደገና የሚያጋጥምህ መቼ ይመስልሃል? በቃ ይኼው ነው። መልሱን ስትሰሚ ግማሹ ኮርስ በራሱ ጊዜ ይታቀዳል። አንዲት አስተናጋጅ ሥጋ የማይበላ እንግዳ መጥቶባት ነበር። እንደተለመደው «ፋስቲንግ ፉድ» ብላ የጾም በየዓይነቱን ጠቆመችው። እንግዳው ግራ ገባው። ለሱ «ፋስቲንግ» ማለት ጭራሽ አለመብላት ነው፤ የማይበላ ምግብ እንዴት ያለ ነው? «ኖ ሚት፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ኤግስ» ብትለው ኖሮ በስድስት ቃል ያልቅ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የምታገኚው ከሰዎቹ አፍ ብቻ ነው። ይህን የመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብሽ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። ግን አልረፈደም፤ ሰኞ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ስጪው።

ስለ ባነሩ አንድ ነገር ልበል፤ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም። ሒሳቡን እንሥራው። ዘጠና ደቂቃ በሳምንት ሦስቴ፣ ለ12 ሳምንት ሲባል 54 ሰዓት ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በፈረንጆቹ 2001 ያወጣው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃዎች አሉት። የእንግሊዝኛ ፈተና የሚያዘጋጀው ካምብሪጅ በሚሰጠው ግምት ከዜሮ ተነስቶ ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ ኤ2 ላይ ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት፣ ቢ1 ለመድረስ ደግሞ ከ350 እስከ 400 ሰዓት በመምህር የታገዘ ትምህርት ይፈልጋል። ቢ1 ላይ የደረሰ ሰው እንኳ ገና «አቀላጥፎ» አይናገርም፤ መንገዱን ይወጣል እንጂ። አንቺ በ54 ሰዓት ማቀላጠፍ ቃል ገብተሻል። ሰዎቹም ቃሉን አምነው መጡ፣ በአራተኛው ሳምንት ራሳቸውን ለኩና «እኔ አይገባኝም ማለት ነው» ብለው ቀሩ። ጥፋተኛ ያደረጉት ራሳቸውን ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው።

ባነሩን አውርጂውና ልትፈጽሚው የምትችይውን ጻፊ። «በ3 ወር እንግዳ ተቀብለው ያስተናግዱ» ቢል ለአስተናጋጁም ለጀልባ ነጂውም ይሆናል። በ54 ሰዓት የሚቻል ነገርም ነው።

አሁን ወደ እቅዱ እንሂድ። አንድ ትምህርት አብረን እናቅድ፤ ከዚያ ሌሎቹን ራስሽ ታወጫቸዋለሽ።

ባለፈው ረቡዕ እቅድሽ ዓላማ ላይ «ተማሪዎች ፕረዘንት ሲምፕልን (ዘወትር የሚሆነውን ነገር የምንናገርበትን የግሥ ቅርጽ) ይገነዘባሉ» ብለሻል። መገንዘብን በምን ታዪዋለሽ? በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ነገር ጻፊ። ለምሳሌ፦ «በትምህርቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ የኛን ሰዓት ከማያውቅ እንግዳ ጋር የመነሻ ሰዓት፣ የመመለሻ ሰዓትና ዋጋ ይስማማል፤ በሦስት ደቂቃ፣ ያለ አማርኛ።» ይህ ሆነ ወይም አልሆነም ይባላል። አንቺም ወደ ቤትሽ ስትሄጂ ታውቂዋለሽ።

የጥያቄዎቹ ሃያ ደቂቃ የሰኞን ምሽት ሰዓት ስለሚበላ፣ ትምህርቱን ለሚቀጥለው ረቡዕ ሙሉ ዘጠና ደቂቃ ይዘሽ አስቢው።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ምንም ሳታስተምሪ ሥራውን ስጫቸው። ሁለት ሁለት ሁኑ፤ አንዱ እንግዳ፣ አንዱ ባለ ጀልባ፤ ተስማሙ። ይንተባተባሉ። ይስቃሉ። አማርኛ ያስገባሉ። አንቺ ደብተር ይዘሽ በመካከላቸው እየዞርሽ ስሚ፤ አታርሚ። ይህች አሥር ደቂቃ ወርቅ ናት። የሚያውቁትን ለማስተማር የምታባክኚውን ጊዜ ታተርፍልሻለች፣ እነሱም የጎደላቸውን ቀምሰው ስለሚያውቁት ቀጥሎ የምትሰጫቸውን ለመቀበል አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁሻል።

ቀጥሎ ከአንድ ጓደኛሽ ጋር አስቀድመሽ በስልክሽ የቀዳሽውን፣ እንግዳና ባለ ጀልባ የሚስማሙበትን የአንድ ደቂቃ ንግግር አሰሚያቸው። ከማሰማትሽ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ስጪ፦ «የተስማሙት በኛ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» መልሱን ፍለጋ ነው የሚያዳምጡት። ሁለተኛ አሰሚ፤ አሁን ዋጋውን። ሦስተኛ ስታሰሚ አባባሎቹን ያንሱ። ይኼ ሲያልቅ ሃያ አምስት ደቂቃ ሄዷል።

አሁን ያንቺ ተራ ነው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጻፊ። «ሀው ሎንግ ዳዝ ኢት ቴክ?»፣ «ኢት ቴክስ አን አወር»፣ «ዊ ሊቭ አት ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ»። አየሽ፣ ፕረዘንት ሲምፕልሽ እዚህ ውስጥ ቁጭ ብሏል። «ቴክ» እና «ቴክስ» ለምን ተለያዩ ብለሽ ጠይቂ፤ አንዱ ይመልሳል። ሰዋስው አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም። ያስፈልጋል፤ ግን ሥራ ይዞ ይምጣ። ሌላ ምሽት «ካን» እና «መስት»ን ልታስተምሪ ስትፈልጊ ከሐይቁ የተሻለ መጽሐፍ የት አለሽ? ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባበትም፤ እንጦስ ኢየሱስ ግን ይገባበታል። ጫማ ይወለቃል። ጀልባ ነጂሽ ይህን ለአንዲት እንግዳ፣ ሳታዝንበት፣ በእንግሊዝኛ መንገር አለበት። እሷም «ለምን?» ማለቷ አይቀርም። ያ ትምህርት ገና ሳይጀመር ሕይወት አለው።

ከዚያ ካርድ። ፎቶ ኮፒ አያስፈልግሽም፤ አንድ የደብተር ወረቀት ለአራት ቀድደሽ በእጅሽ ጻፊው። የእንግዳው ካርድ ላይ «ለምሳ መመለስ አለብህ፤ ከዚህ ብር በላይ የለህም» ይላል። የባለ ጀልባው ካርድ ላይ ደግሞ የነዳጁ ወጪና ሌላ ቀጠሮው አለ። አንዱ የሌላውን ካርድ አያይም። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ የማያውቀውን ሌላው ሲያውቅ ነው ሰው የሚነጋገረው። እስክሪብቶ አንስተሽ «ዋት ኢዝ ዚስ?» ስትዪ ክፍሉ ሁሉ እያየው «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» ይልሻል። ሁላችሁም የምታዩትን ነገር መጠየቅ ምን ይባላል? በዚህ ዓይነት ንግግር ያደገ ተማሪ ጎዳና ላይ ሲወጣ የሚጠይቀው ያጣል። ለካርዱ ሃያ ደቂቃ ያዢለት።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ። ያንኑ ስምምነት፣ ሰው እየቀያየሩ፣ ሦስት ጊዜ ያድርጉት፤ ጊዜው ግን እያጠረ ይሄዳል። መጀመሪያ አራት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት። የሚሉት ነገር ያው ነው፣ አድማጩ ግን አዲስ ነው፣ ስለዚህ አይሰለቻቸውም። በሦስተኛው ዙር ላይ የሚሆነውን ራስሽ ትሰሚዋለሽ። መጀመሪያ «ኧ... ኧ...» ሲል የነበረው ሰው ይፈጥናል። አዲስ ቃል አልተማረም፤ ያለውን ቃል ነው ያፍታታው። ለጀማሪዎች አራት ደቂቃ ከረዘመባቸው ከሁለት ጀምረሽ ወደ አንድ አውርጂው። መቀያየሩን ጨምሮ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በመሐል ድምፅ ይበዛል። ጎረቤት ካልተቆጣ በቀር አትጨነቂ፤ የሚንጫጫ የቋንቋ ክፍል ጤነኛ ነው።

የቀረችሽ አምስት ደቂቃ ናት። ስትዞሪ ከሰማሽው ስሕተት ሦስቱን፣ የማን እንደሆነ ሳትናገሪ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፊና ራሳቸው ያርሙት። ከዚያ በሩ ላይ ቁሚ። እያንዳንዱ ሲወጣ አንድ ጥያቄ፦ «ትሪ ኦክሎክ ኢን ዚ አፍተርኑን» በኛ ስንት ሰዓት ነው? የመለሰ ይሄዳል። ያልመለሰውን ዓርብ ከሱ ትጀምሪያለሽ።

«ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ከአፍሽ አውጪው። በኛ አገር «አልገባኝም» ማለት መምህርን ማሳፈር ነው፤ ይሉኝታው አይለቅም። አንቺ አሥር ደቂቃ ላብ በላብ ሆነሽ ካስረዳሽ በኋላ ማን ነው ጨክኖ «አልገባኝም» የሚልሽ? «አዎ ቲቸር» ትሕትና ነው፣ መረጃ አይደለም። መረጃ ከፈለግሽ መልሱን ካላወቁ የማይመልሱት ነገር ጠይቂ። «ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ሲሆን ፀሐይ የት ናት? ባለ ጀልባው ቁርሱን በልቷል ወይስ አልበላም? መመሪያ ስትሰጪም እንደዚሁ ነው። «ምን እንደምትሠሩ ገባችሁ?» ከማለት አንዱን ተማሪ «እስቲ ምን ልትሠሩ ነው?» ብለሽ በአማርኛ አስደግሚው። አማርኛ መጠቀም ነውር አይደለም። በእንግሊዝኛ አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን መመሪያ በአማርኛ በግማሽ ደቂቃ ጨርሰሽ፣ የተረፈውን ጊዜ ለነሱ እንግሊዝኛ ስጪው። ጀማሪዎችን በእንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር እንደ ጀግንነት ሲቆጠር ሳይ ይገርመኛል።

ፖል ኔሽን የሚባል የኒውዚላንድ የቋንቋ ትምህርት ምሁር አለ። ኮርስን አራት እኩል ቦታ ይከፍለዋል። አንዱ ሩብ የሚገባቸውን ነገር መስማትና ማንበብ፤ ሁለተኛው ሐሳባቸውን መናገርና መጻፍ፤ ሦስተኛው ቋንቋውን ራሱን ማጥናት፣ ማለትም ሰዋስው፣ ቃላት፣ አነባበብ፤ አራተኛው የሚያውቁትን እያፈጠኑ ማፍታታት። በዚህ ሚዛን ፎቶውን የላክሽልኝን የባለፈውን ረቡዕ እቅድ ብታስቀምጪው ዘጠናውም ደቂቃ ሦስተኛው ሩብ ውስጥ ይገባል። በየምሽቱ አራቱን እኩል አድርጊ እያልኩሽ አይደለም። በሳምንት ሦስቱን ቀን ደምረሽ ግን እዪው፤ አንዱ ሩብ ባዶ ከሆነ የሚቀጥለው ሳምንት እቅድሽ ከዚያ ይጀምራል።

ካቀድኩት ግማሹን አልጨርስም ላልሽው፣ አቅደሽ ያበዛሽው አንቺ ነሽ። በአንድ ምሽት ከስምንት እስከ አሥር አዲስ ቃል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው የደብተር ጌጥ ነው። እቅድሽ ላይ «ሰዓት ካጠረ ይቀራል» የምትዪውን አስቀድመሽ ኮከብ አድርጊበት። መጨረሻ ላይ ያለው የነሱ ንግግር ግን ምንጊዜም ኮከብ አይደረግበትም። እኛ መምህራን ሰዓት ሲያጥር የምንቆርጠው ከመጨረሻው ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ዘወትር እነሱ የሚናገሩበት ነው። መቆረጥ ያለበት ያንቺው ማብራሪያ ነው። መብራት የሚጠፋበት ምሽትም አለ፤ ለሱ ሰሌዳ የማይፈልግ አንድ የንግግር ጨዋታ ኪስሽ ውስጥ ይኑር።

ክለሳን ደግሞ ለወሩ መጨረሻ አታቆይው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ራሱ ላይ ሞክሮ በፈረንጆቹ 1885 እንዳሳየው፣ የተማርነው ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። የሰኞዋ ነገር ረቡዕ አምስት ደቂቃ፣ በሳምንቱ ሌላ አምስት ደቂቃ፣ በወሩ እንደገና ትምጣ። በቴሌግራም የሠላሳ ሴኮንድ የድምፅ መልእክት እንዲልኩልሽ ብታደርጊ ደግሞ ቤታቸው ሆነው ይከልሱታል።

የአነባበብን ነገር በአጭሩ። ሁሉንም አታርሚ። «ስትሪት»ን «እስትሪት» ቢል ማንም ይገባዋል፤ ተዪው። «ሺፕ» የሚለው ግን በእንግሊዝኛ ሲያጥር መርከብ፣ ሲረዝም በግ ነው፤ በፊደላችን ሁለቱም ያው ነው። ትርጉም የሚያዞረውን አርሚ። ሌላው የምትሰሚው ስሕተት «ኢዝ ቬሪ ቢዩቲፉል» ነው። ባለቤቱን ይውጡታል። ለምን? ቅድም ያልኩሽ ነው፤ አማርኛው ግሱ ውስጥ ባለቤቱን ስለሚይዝ «ኢት» የምትባለው ቃል ለጆሯቸው ትርፍ ናት። ምክንያቱን አንድ ቀን በአማርኛ ብትነግሪያቸው ከሃምሳ እርማት ይሻላል።

አሁን ከባዱ። ክፍልሽ ውስጥ «ኤቢሲዲ» ላይ ያለና የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቅ ሰው አብረው ተቀምጠዋል። ሁሉንም እኩል ማስደሰት አትችይም፤ ይህን አምነሽ ጀምሪ። በካርዱ ሥራ ጠንካሮቹን እንግዳ አድርጊያቸው። እንግዳው ብዙ ይጠይቃል፣ ያማርራል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ከባዱ ሚና እሱ ነው። ደካማው በሦስት አባባል የሚወጣውን ሚና ይያዝ። አንድ ካርድ፣ ሁለት ክብደት። የ12ኛ ክፍሎቹ ፍላጎት ግን በእውነት ሌላ ነው። እነሱ የሚፈልጉት አንብቦ መረዳትና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነባቸው የጀልባ ዋጋ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ይመስላቸዋል። ከቻልሽ ቅዳሜ ከሰዓት ለብቻቸው አንድ ቡድን ክፈቺ። ካልቻልሽ በግልጽ ንገሪያቸውና ይወስኑ። የሁለት ዓይነት ሰው ገንዘብ ተቀብሎ ለአንዱ ብቻ ማስተማር አያምርም።

ዴስኮቹ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይመቹም ትዪኝ ይሆናል። የፊተኞቹ ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጡ። አራት ሰው ፊት ለፊት ተያየ ማለት ነው፤ ዕቃ ማንቀሳቀስ የለም።

ያቋረጡትን ልጥራቸው ወይ ብለሻል። ጥሪያቸው። 18 ሰዓት ወጥቷል፣ 36 ይቀርሻል፤ 24 ምሽት ማለት ነው፣ ብዙ ነው። ስትደውዪ ግን «ለምን ቀረህ?» አትበዪ፤ ሰበብ ነው የምትሰሚው፤ ሥራ በዛ፣ እናቴን አመማት፣ እንዲህ እንዲህ። ስለ ትምህርቱም አታውሪ። ለጀልባ ነጂው ሰላምታውን አድርሰሽ፣ ሥራ እንዴት ነው ብለሽ፣ ሰሞኑን እንግዳ አጋጥሞት እንደሆነ፣ አጋጥሞትም ከነበር ምን ሊለው ፈልጎ እንዳቃተው ጠይቂው። የሚነግርሽን እዚያው ጻፊ። ከዚያ «ረቡዕ የምንሠራው እሱን ነው፤ ባለ ጀልባውን አንተ ትሆናለህ» በዪው።